ከመስመሩ የወረደችው ነጥብ

ብርሃን ሲጨምር የክሎሮፕላስት (የቅጠሉ አረንጓዴ፣ ብርሃን የሚጠቀም ክፍል) ሥራ ይጨምራል። የሙከራው ማንዋል የሚለው ይህን ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ያን ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ያከራከረን የቀረው ነው።

ክሎሮፕላስቱ እንዲወጣ ቆስጣው ተፈጭቶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ሴንትሪፊዩጅ በሚባለው ማሽን ተሽከርክሮ በረዶ ላይ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ቱቦዎቹን ከ100 ዋት አምፖል 40፣ 20 እና 10 ሳንቲሜትር ላይ እያደረጉ ዲሲፒአይፒ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ይጨምራሉ፤ የቀለሙን መጠን በመሣሪያ 600 ናኖሜትር ላይ ያነባሉ። ሰማያዊው ቀለም ቶሎ ከጠፋ ክሎሮፕላስቱ በደንብ እየሠራ ነው። በፎይል የተጠቀለለው ቱቦ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል።

አንዷ ተማሪ 10 ሳንቲሜትር ላይ ከ20ው ያነሰ ፍጥነት አገኘች። ደገመችው። ያው ነው። ናሙናው አርጅቶ እንዳይባል 10ሩን ያስቀደመችው እሷ ናት።

ዶክተሩ ግራፉን አዩና «ይቺ ነጥብ ስህተት ናት፤ ወደ መስመሩ መልሻት» አሏት። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ሊወርድ አይችልም ባይ ናቸው።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ያየሁትን ልጻፍ የተባልኩትን?»

«ያየሽውን» አልኳት። ከዚያ ለዶክተሩ «እስቲ ቱቦውን ይንኩት» አልኳቸው። አልነኩም። ቴርሞሜትር ከተትኩበት፤ ከ40 ዲግሪ አልፏል።

«አንተ ዕቃ አዘጋጅ» አሉኝ። «ውጤቱን ለእኛ ተወው።»

ይህን ያሉኝ በተማሪዎቹ ፊት ነው። ፊቴ ጋለ። ስንት ሴሚስተር ያንን ቆስጣ ስፈጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። የትኛው አምፖል እንደሚያቃጥል፣ ናሙናው ከበረዶ ከወጣ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ በእጄ አውቃለሁ። ዕቃ ማዘጋጀት ማለት ይህ ሁሉ ነው።

መልስ አልሰጠሁም። ትልቁን ቢከር ውሃ ሞልቼ በአምፖሉና በቱቦው መካከል አቆምኩት። ውሃው ሙቀቱን ይይዛል፣ ብርሃኑን ያሳልፋል። ልጅቷ ከበረዶው አዲስ ናሙና ወስዳ ሠራች። አሁን 10ሩ ከ20ው በለጠ። ግን በጥቂቱ ነው፤ 4 እጥፍ የሚባል ነገር የለም። ክሎሮፕላስቱ አቅሙ ላይ ሲደርስ ተጨማሪ ብርሃን አይጠቅመውም።

ሙከራው መሠረቱ ሮበርት ሂል እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳየው ነው። ከቅጠል የወጣ ክሎሮፕላስት፣ ኤሌክትሮን የሚቀበልለት ነገር ካገኘ፣ በብርሃን ኦክስጅን ያወጣል። በእኛ ሙከራ ተቀባዩ ሰማያዊው ቀለም ነው። ኤሌክትሮኑ የሚመጣው ውሃ ከሚሰነጠቅበት ቦታ ሲሆን፣ ሙቀት ቀድሞ ከሚጎዳቸው አንዱም ይኸው ነው። የወረደችው ነጥብ ይህን ነበር የምትናገረው። ከዚያ ግራፍ ላይ ብዙ የምታስተምረው እሷ ነበረች።

ልጅቷ ሁለቱንም ሠንጠረዥ ሪፖርቷ ውስጥ አስገባች። ማርክ ተቀነሰባት። በቀጣዩ ዓመት ማንዋሉ ላይ «በአምፖሉና በቱቦው መካከል ውሃ የተሞላ ቢከር ይቀመጥ» የሚል መስመር ተጨምሮ አየሁ። ለምን እንደሆነ አይልም። የልጅቷም ማርክ አልተመለሰም። እኔ ግን አንድ ቱቦ ሁልጊዜ ያለ ቢከር አስቀምጣለሁ፤ ተማሪዎቹ ነክተውት ምክንያቱን ራሳቸው እንዲነግሩኝ።