3.5 ቶን ይጎትታል፤ ግን ማን ያቆመዋል?

ፒክአፕ ሊገዛ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "ስንት ይጎትታል?" የሚለው ነው። እኛም ቢሮ ውስጥ ስንጨቃጨቅ የከረምነው በዚሁ ነበር።

ሥራችን የውሃ ጉድጓድና የቧንቧ መስመር ነው። ቢሯችን ደብረ ብርሃን ቢሆንም ሥራው ሰሜን ሸዋን ያዳርሳል። ዛሬ መንዝ፣ ነገ እነዋሪ፣ ከነገ ወዲያ ሸዋ ሮቢት። ከመኪናው ኋላ የሚጎተት ነገር አይጠፋም፤ ወይ ጀነሬተር ነው፣ ወይ ኮምፕረሰር። እኔ ስምሪት ላይ ነኝ። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው።

ያለን አንድ የቆየ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ነበር። ሁለተኛ መኪና ይገዛ ሲባል ቢሮው ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንጋፋው ሹፌራችን ጋሼ "ሌላ ላንድ ክሩዘር ካልሆነ እኔን አትጠይቁኝ" አሉ። ኢንጂነሯ ደግሞ ቱርቦ ያለው አዲስ ሞተር ነው የሚያዋጣው ባይ ናት፤ ወይ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ወይ አይሱዙ ዲማክስ። ከልጆቹ አንዱ ከነጭራሹ የአሜሪካ ፎርድ ኤፍ 350 ቪዲዮ በስልኩ ይዞ መጣ።

ወረቀቱን ስታዩት የሚያስመርጥ ነገር የለም። ላንድ ክሩዘር 79፣ 3.5 ቶን ይጎትታል። ዲማክስ ባለ 3 ሊትሩ፣ 3.5 ቶን። ሃይሉክስ ባለ 2.8 ሊትር ማኑዋሉም እንዲሁ። ሁሉም እኩል ከሆኑ ርካሹን መግዛት ነዋ! ሥራ አስኪያጃችንም ያሉት ይህንኑ ነው።

የአሜሪካኖቹን ነገር ቶሎ ልለፈው። የኤፍ 350 ትልቁ ናፍጣ ሞተር ከ1,400 ኒውተን ሜትር በላይ ጉልበት አለው። ለእኛ ሥራ ከመጠን በላይ ነው፤ መለዋወጫውንስ ከየት እናመጣለን? ከዚያ ክርክር የጠቀመኝ አንድ ነገር ግን አለ። አሜሪካኖቹ የመጎተት አቅምን የሚለኩበት ጄ2807 የሚባል ደንብ አላቸው። የዳገቱ ፈተና አሪዞና ውስጥ ባለው የዴቪስ ዳም መንገድ የተቀረፀ ነው። 18 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት፣ 38 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ ኤሲው ተከፍቶ። ከባድ ፈተና ነው። ዳገቱ የሚያበቃው ግን 1,070 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ናት። የእኛ ዳገት የሚጀምረው የእነሱ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

ይህ ከፍታ ለሞተር ትልቅ ነገር ነው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። የላንድ ክሩዘራችን ሞተር፣ 1ኤችዜድ የሚባለው፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ወረቀቱ ላይ 285 ኒውተን ሜትር ይላል። ጣርማበር ሲደርስ ሩቡን ያህል ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ራሱ አምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። የዲማክስ አዲሱ ባለ 3 ሊትር 450 ኒውተን ሜትር አለው፤ ዳገት ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጋሼ ጀነሬተር አስረው ጣርማበርን ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩንባ ይነፋባቸዋል። እሳቸው ግን ግድ የላቸውም።

ኢንጂነሯ እዚህ ላይ አሸነፈች መሰለን። ጭቅጭቁን ሌላ ቦታ የወሰደው ግን ከዚያ በኋላ የደረሰው ነገር ነው።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ጀነሬተር በአስቸኳይ ተፈለገ። ላንድ ክሩዘሩ ሌላ ጭነት ስለነበረበት ደብል ጋቢና ፒክአፕ ከነሹፌሩ ተከራየን። የመኪናውን ዓይነት አልጠራም፤ ጥፋቱ የመኪናው አልነበረምና። ጀነሬተሩ ከነተጎታቹ 1.8 ቶን ይሆናል። የሳይት ኃላፊው "3.5 ይጎትት የለም እንዴ? ገና ግማሹ ነው" ብሎ ኋላው ላይ ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ አስጫነ። ሹፌሩ ልጅ ነው፤ ታዛዥና ትሁት። እኔ ከጋሼ ጋር በላንድ ክሩዘሩ ከኋላ ተከተልን።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ከቦረቦረው ዋሻ ስንወጣ መንገዱን ጉም ውጦታል። ከፊታችን የሚታየው የተጎታቹ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ጋሼ መሪው ላይ ጠጋ አሉ።

"አየኸው? አልጠፋም።"

"ምኑ ጋሼ?"

"የፍሬኑ መብራት። ከዋሻው ከወጣን እግሩን አላነሳም። ይሄ ልጅ በማርሽ አይደለም የሚወርደው፣ በፍሬን ሸራ ነው!"

ጡሩንባ ነፉ፣ መብራት አበሩ። ልጁ እንቅደም ያልን መስሎት ጠርዝ ያዘልን። ትንሽ እንደወረድን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ገባ። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ጭስ ይወጣል። ከዚያ ተጎታቹ መወዛወዝ ጀመረ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ የፒክአፑንም ወገብ ይዞት ይሄዳል። ልጁ ማርሽ ሲቀንስ የሞተሩ ጩኸት እኛ ድረስ ተሰማ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ። መጨረሻ ላይ ወደ ተራራው በኩል ለመንገድ ሥራ የተከመረ ጠጠር አየና እሱ ላይ ሰካት። ተጎታቹ ታጥፎ መንጠቆው ተጣመመ። ጀነሬተሩ ግን አልወደቀም፤ ሰውም አልተጎዳም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሮጠን ስንደርስ ልጁ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ነው።

"ፔዳሉ ወለል ነካ ጋሼ። ብረግጠው ብረግጠው ምንም የለም።"

"አይዞህ ልጄ። የፍሬኑ ዘይት ፈልቶ ነው። ውረድና አየር ውሰድ።"

አንዱ ተሳፋሪ ጄሪካን ይዞ ወደ ጎማው ሲሄድ ጋሼ ጮኹበት። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሱበት ሊሰነጠቅ ይችላል። የጉሙ ጤዛ ቸርኬው ላይ ሲያርፍ "ችስ" እያለ ይተን ነበር። እጄን ጠጋ ሳደርግ ወላፈኑ መለሰኝ።

በማግስቱ ኢንጂነሯ ሒሳቡን ነጭ ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። ፒክአፑ፣ ሲሚንቶውና ተጎታቹ ተደምረው 4.7 ቶን አካባቢ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ክብደት ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ቁልቁለቱ ከ1,700 ሜትር ያላነሰ ነው። ከዚያ የሚወጣው ኃይል አንድ በርሜል ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ በርሜል! ከዚህ ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይቀበለዋል። በአራተኛ ማርሽ ከተወረደ ሞተሩ የሚይዘው ትንሽ ነው። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ ከሆነማ ምንም አይይዝም። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚወርዱ ሹፌሮች ይህን በርሜል ቢያስቡት እወዳለሁ።

ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አወጣነው። 3.5 ቶን ከሚለው ቁጥር ጎን የምትታለፍ ቃል አለች፤ "ፍሬን ያለው ተጎታች" ትላለች። የራሱ ፍሬን ለሌለው ተጎታች የተፈቀደው 750 ኪሎ ነው። ላንድ ክሩዘሩም፣ ሃይሉክሱም፣ ዲማክሱም ያው 750። የእኛ ተጎታች ፍሬን የለውም፤ 1.8 ቶን ይመዝናል። የሳይት ኃላፊው "ገና ግማሹ ነው" ሲል ጭነቱ ከተፈቀደው በእጥፍ አልፎ ነበር። የትኛውንም መኪና ብንገዛ ያ ተጎታች ያንኑ ያደርግ ነበር።

ሁለተኛው የሚታለፍ ቁጥር የመኪናውና የተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ነው። ለምሳሌ በአውስትራሊያ የተሸጠውን ፎርድ ሬንጀር ባለ 3.2 ሊትር ውሰዱ። 3.5 ቶን ይጎትታል፤ መኪናውና ተጎታቹ ተደምረው ግን ከ6 ቶን መብለጥ የለባቸውም። መኪናው ባዶውን ወደ 2.2 ቶን ነው። 3.5 ቶን ካሰርክ ለሹፌሩ፣ ለተሳፋሪውና ለዕቃው የሚቀረው 300 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ሰው ከተቀመጠ አለቀ፤ ሲሚንቶ የት ይጫናል? በዚያ ላይ ተጎታቹ መንጠቆው ላይ የሚያሳርፈው፣ ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህሉ፣ የመኪናው ጭነት ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ሻጮች ሁለቱን ትልልቅ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይለጥፏቸዋል። አብረው እንደማይሠሩ ግን አይነግሩህም።

ጋሼም ሐቃቸውን አገኙ። ላንድ ክሩዘሩ ዳገት ላይ ቢያዘግምም ቁልቁለት ላይ ያ 4.2 ሊትር ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ አንቆ ይይዛል። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚሉት ይህን ነው። ሌላም ነገር አለ። 1ኤችዜድ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ የናፍጣ ፖምፓው መካኒካል ነው። ደህና ያልሆነ ናፍጣ ቢገባበት ያስነጥሰዋል እንጂ አይገድለውም። አዲሶቹ ሞተሮች ግን ናፍጣውን ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት። ውሃ ወይም ቆሻሻ ካገኛቸው ኢንጄክተር ይበላሻል፣ ዋጋውም ያማል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከጄሪካን ናፍጣ ለሚቀዳ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ኢንጂነሯም አልተከራከረችም፤ ማጣሪያው በወቅቱ ይቀየር፣ የተጠራቀመው ውሃም ይፍሰስ አለች።

ዋጋን በተመለከተ የእኔ አቋም ይህ ነው። የመኪናን ዋጋ የሚለካው የመግዣው ደረሰኝ ብቻ አይደለም። መንዝ ላይ እሑድ ቢቆም ማን ይነካዋል? መለዋወጫው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አለ ወይስ ከውጭ ይታዘዛል? ሲሸጥስ ስንት ያወጣል? በዚህ በዚህ ቶዮታን የሚወዳደረው ጥቂት ነው። አይሱዙም ለመካኒኮቻችን እንግዳ አይደለም፤ የጭነት መኪናው አገር ሞልቷል። ሌሎቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያውቃቸው ሰው ማግኘት ግን ያስቸግራል።

መጨረሻ ላይ ዲማክስ ባለ 3 ሊትር፣ ማኑዋል፣ ሲንግል ጋቢና ተወሰነ። አስፋልቱንና ጉተታውን እሱ ይይዛል፤ የመንዝ ኮረኮንች ለላንድ ክሩዘሩ ቀረ። ከመኪናው በፊት ግን ገንዘቡ የወጣው ለተጎታቹ ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተጎታቹ ወደፊት ይገፋል፤ በዚያው ግፊት የራሱን ፍሬን የሚይዝ መንጠቆ ተገጠመለት። ሥራ አስኪያጁ "ለጋሪ ይህን ያህል?" ብለው አንገራግረው ነበር። የተጣመመውን መንጠቆ ከመጋዘን አምጥተን ስናሳያቸው ፈረሙ።

ጋሼ የርክክቡ ቅጽ ላይ አንድ ነገር አስጨመሩ። መኪናው ከመረከባችን በፊት ጀነሬተሩን አስሮ ከጣርማበር ደብረ ሲና ይውረድ። ሽቅቡ አያሳስባቸውም። ሻጩ መጀመሪያ ተገረመ፤ በኋላ ተስማማ። ራሳቸው ነዱት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረጉ። ደብረ ሲና ሲደርሱ ወርደው አራቱንም ጎማዎች፣ ከዚያ የተጎታቹን ሁለቱን፣ በእጃቸው ጀርባ ፈተሹ። "ተረከብ" አሉኝ።

ሲሚንቶው አሁን ለብቻው በአይሱዙ ጭነት መኪና ይሄዳል። የሳይት ኃላፊው በኪራዩ ያጉረመርማል። እኔ ግን ጀነሬተር ያሰረ መኪና ላይ ሲሚንቶ ከተጫነ የስምሪት ወረቀት አልፈርምም።