የኒውሮ መጽሐፍ እንዴት መረጥን? ከባሕር ዳር ለፒሲ ዋን (ቅድመ ክሊኒካል አንደኛ ዓመት) የሕክምና ተማሪዎች

የኒውሮሳይንስ ሞጁል ሲጀመር ሁሉም የሚጠይቀው ያው ነው፦ «ከየትኛው ላንብብ?» መጽሐፍ አልጠፋም። ላይብረሪ አለ፣ ከሲኒየሮች የሚወረስ አለ፣ ስልክ ላይ የተጫነም አለ። በጸሐፊዎቻቸው ስም የምንጠራቸው ስኔል፣ ጋይተን፣ ፐርቭስ፣ ካንደል፣ ብሉመንፌልድ። የጠፋው ጊዜ ነው። ሞጁሉ አጭር ነው፣ አምስቱን ለማንበብ የሚበቃ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ የኛ የጥናት ቡድን እንዴት እንደመረጠና አሁን የት እንደደረስን ላካፍላችሁ። ገና እየተማርኩ ነው የምጽፈው፤ ግን ነገ ሞጁሉን ለምትጀምሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

«የቱ ይሻላል?» ብሎ መከራከር ማለቂያ የለውም። ሁሉም ሲኒየር ያለፈበትን መጽሐፍ ያወድሳል። እኛ ያደረግነው አንድ ጥያቄ ይዘን በየመጽሐፉ መከተል ነው። ጥያቄውንም ከሩቅ አላመጣነውም።

ጣና ዙሪያ ያደገ ሰው ጓያን ያውቃል። ዝናብ አጥሮ ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ ይበቅላል፣ ድሃውን ከረሃብ ያወጣል። ለወራት ከእሱ ሌላ እህል ያላገኘ ሰው ግን እግሩን ሊያዝ ይችላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኛ አቆጣጠር ደምቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ታምሞበታል። በሽታው ኒውሮላቲሪዝም ይባላል። የታማሚው እግር ይገተራል፣ ሲራመድ ጉልበቶቹ ይጠላለፋሉ፣ በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል፣ ሲብስ ያለ ምርኩዝ አይቆምም። ሲነኩት ግን ይሰማዋል። መርፌውን ከጥጡ ይለያል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነበር፦ እንቅስቃሴው ሲጎዳ ስሜቱ እንዴት ተረፈ? ደግሞስ እግሩ በመዛል ፈንታ ለምን ተገተረ?

ይህን ለመመለስ ሦስት የነርቭ መንገዶችን (ትራክቶችን) ማወቅ ግድ ነው። የእንቅስቃሴ ትእዛዝ የሚያወርደው ኮርቲኮስፓይናል ትራክት ከአንጎል ቅርፊት (ኮርቴክስ) ተነስቶ በኢንተርናል ካፕሱል ይወርዳል፣ የአንጎል ግንድ ክፍሎች የሆኑትን ሚድብሬይንንና ፖንስን ያልፋል፣ አብዛኛው ክፍሉ ከግንዱ ታችኛው ክፍል፣ ሜዱላ ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል፣ ከዚያ በህብለ ሰረሰር ጎን ይወርዳል። ንዝረትንና ረቂቅ ንክኪን የሚያደርሰው ዶርሳል ኮለም ከታች ገብቶ በዚያው ጎን ይወጣል፣ የሚሻገረው ሜዱላ ላይ ነው። ሕመምን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚያደርሰው ስፓይኖታላሚክ ደግሞ ህብለ ሰረሰር እንደገባ ብዙም ሳይርቅ ይሻገራል። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ በዋናነት የሚጎዳው የመጀመሪያውን፣ የእንቅስቃሴውን መንገድ ነው። የስሜት መንገዶቹ ስለሚተርፉ ሰውየው ይሰማዋል። ጡንቻውን በቀጥታ የሚያዘው የታችኛው ሞተር ኒውሮንም አልሞተም፤ የጠፋው ከላይ የሚቆጣጠረው ነው። ስለዚህ ሪፍሌክሱ ይበረታል፣ እግሩም ይገተራል።

መልሱን በአንድ አንቀጽ መጻፍ ቀላል ይመስላል። መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ማውጣቱ ነው ሥራው፣ ልዩነታቸውም እዚያ ላይ ፍጥጥ ብሎ ታየን።

ስኔል መንገዶቹን በማሳየት የሚወዳደረው አላገኘንም። ሥዕሎቹ ንጹህ ናቸው። የህብለ ሰረሰር ምዕራፉ ውስጥ እያንዳንዱ ትራክት ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚሻገር፣ የት እንደሚያልቅ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ያን ሠንጠረዥ የያዘ ሰው የጥያቄያችንን ግማሽ መለሰ ማለት ነው። ምዕራፉ በታማሚ ታሪክ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄዎች አሉት፤ ለፈተናም ያግዛል። «እግሩ ለምን ተገተረ?» ሲባል ግን ስኔል ቶሎ ያልፈዋል። ፊዚዮሎጂ ላይ ስስ ነው።

እዚያ ላይ ጋይተን ገባ። ስለ መስል ስፒንድል (የጡንቻን መለጠጥ የሚለካው አካል) እና ስለ ስትሬች ሪፍሌክስ (ጡንቻ ሲለጠጥ መልሶ የሚኮማተርበት) ቀስ ብሎ፣ በቀላል እንግሊዝኛ ያስረዳል። ለፊዚዮሎጂ ኮርስ ብላችሁ ይዛችሁት ከሆነ ለኒውሮም አትተዉት። ፐርቭስ ላይ ይበልጥ የገረመኝ ግን የእንቅስቃሴ ክፍሉ አደረጃጀት ነው። ከታችኛው ሞተር ኒውሮን ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ወደ ታች ስንማር የተምታታብን ነገር ከታች ወደ ላይ ሲነገር ጠራልን። የድሮው የፐርቭስ 2ኛ እትም በአሜሪካ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል የመጻሕፍት ገጽ ላይ በነጻ አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየገለጣችሁ ማንበብ አትችሉም፤ በቃል እየፈለጋችሁ ግን የምትሹትን ክፍል ታገኛላችሁ። የሂዩስተኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም ሙሉ የኒውሮሳይንስ መጽሐፍ በነጻ ለቋል። ዳታ ሲኖራችሁ ግቡበት።

ካንደል ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ በሁሉም ትርጉሙ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው 6ኛ እትም ከ1,600 ገጽ በላይ አለው። ኤሪክ ካንደል በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ማስታወስ እንዴት እንደሚፈጠር አጥንቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተጋራ ሰው ነው፤ የማስታወስ ምዕራፎቹን ሳነብ የምር ተደስቻለሁ። ግን ለፒሲ ዋን ዋና መጽሐፍ አይሆንም። አንዷ የቡድናችን ልጅ በዚህ አትስማማም። «ጥልቁን አንዴ ካነበብሽ ሌላው ይቀላል» ትለኛለች። እሷ ፈጣን አንባቢ ናት፣ ሊሆንላት ይችላል። እኔ የምለው ካንደልን ለክረምት አቆዩት ነው።

ብሉመንፌልድ የተዘጋጀው በታማሚ ታሪክና በሲቲ፣ በኤምአርአይ ምስል ነው። ክሊኒካል ስንደርስ ዋና ጓደኛችን እንደሚሆን አያጠራጥርም። ለአሁኑ 2ኛውን ምዕራፍ ብቻ አንብቡ። የነርቭ ሥርዓቱን በአንድ ምዕራፍ ጠቅለል አድርጎ ያሳያል፣ ሞጁሉ ሳይጀመር ቢነበብ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

በመጨረሻ የያዝነው እንዲህ ሆነ፦ ስኔል ዋና፣ ለፊዚዮሎጂው ጋይተን፣ ለእንቅስቃሴው ክፍል ፐርቭስ። ስለ እትም ብዙ አትጨነቁ። የትራክቶቹ መንገድ በአዲስ እትም አይቀየርም። የአሮጌ እትም ጉድለት የሚታየው ሞለኪውልና ሕክምና ላይ ነው።

የኮፒ ነገር ግን ልብ በሉ። የስኔልን የትራክት ሥዕሎች በጥቁርና ነጭ ስናስኮፒ በቀለም የተለዩት መስመሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። የሚወጣው ከሚወርደው አይለይም። ስለዚህ በእስኪሪብቶ ደገምናቸው፦ የሚወርደው ቀይ፣ ዶርሳል ኮለም ሰማያዊ፣ ስፓይኖታላሚክ አረንጓዴ። አሰልቺ ይመስላል፤ መስመሩ የሚሻገርበት ቦታ ላይ እጅ ቆም ሲል ግን ቦታው አእምሮ ውስጥ ይቀራል። እኔን ከመቸከል ያወጣኝ ይሄ ነው።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ዛፍ ሥር እንገናኛለን፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ባዶ ወረቀት ላይ ከኮርቴክስ እስከ ህብለ ሰረሰር ያሉትን ደረጃዎች እንሥላለን፣ መጽሐፍ አይከፈትም። ከዚያ አንዱ ታማሚ ይፈጥራል፦ «ቀኝ እግሩ ደክሟል፣ ንዝረትም አይሰማውም፤ ግራ እግሩ ደግሞ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም።» ሌላው ጉዳቱ የት እንደሆነ ይናገራል። የህብለ ሰረሰር ቀኝ ግማሽ፤ የአንድ ጎን ግማሹ ሲጎዳ የሚታየው ይህ ምልክት ብራውን ሴካር ይባላል። ሞጁሉ ሲጀመር እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከቡድናችን የሚሞክረው አልነበረም። አሁን ሁላችንም ሥለን እናሳያለን።

ከአንጎል የሚነሱት ክራኒያል ነርቮች 12 ጥንድ ስለሆኑ ገና እየታገልናቸው ነው። ቀጥሎ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬቤለም አለ። የያዝነው ጥያቄ «ጉዳቱ በዚያው ጎን የሚታየው ለምንድን ነው?» የሚል ነው፣ በሦስቱም መጻሕፍት እንፈልገዋለን። እንቅስቃሴን በሚቆጣጠሩት የአንጎል ውስጣዊ ክፍሎች፣ በቤዛል ጋንግሊያ ላይ ግን ስኔልም ጋይተንም እስካሁን አላረኩኝም። ያለፋችሁበት ሲኒየሮች ከየት እንዳነበባችሁት ብትነግሩኝ ከሴሬቤለም በኋላ በዚያ እጀምራለሁ።