ሚጥሚጣውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ

ከቤቴ በባጃጅ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት፣ ጎሮ አካባቢ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት ቅያስ ላይ አንድ የሱዳን ምግብ ቤት አለ። ምግብ ቤት ልበለው እንጂ የግለሰብ ግቢ ነው። በረንዳው ላይ አምስት የፕላስቲክ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ከበሩ በላይ የተሰቀለው የዐረብኛ ጽሑፍም የቤቱ ስም ሳይሆን «ምግብ ቤት» ማለት ብቻ እንደ ሆነ የተነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ፉል አዘዝሁ። ፉል ለእኔ እንግዳ ምግብ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ የተከተፈበት፣ እንቁላል የተቀላቀለበት፣ እርጎ ከላይ የፈሰሰበትና በርበሬው ዳር ዳሩን ያቀላው ፉል በትኩስ ዳቦ እየጠቀሰ ነው ያደገው። የቀረበልኝ ግን ቡናማና ጭር ያለ ሳሕን ነበር፤ የተደቆሰ ባቄላ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ከሙን፣ የተፈረፈረ ነጭ አይብ፣ ከጎኑ ጥሬ ሽንኩርትና ግማሽ ሎሚ። አንድ ጊዜ ቀመስሁና አስተናጋጇን ጠርቼ «እኅቴ፣ ሚጥሚጣ ይኖራል?» አልኋት። ልጅቷ የሠፈራችን ልጅ ናትና ፈገግ አለች፤ ወጣ ብላ ከጎረቤት ሱቅ ገዝታ በቡና ሲኒ አድርጋ አመጣችልኝ። እኔም ሳልሳሳ ነሰነስሁበት። ወደዚህ ሚጥሚጣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሱዳኑ ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ለእኛ ቀዳም ሥዑር፣ ለእነርሱ ደግሞ የረመዳን መገባደጃ ነበር፤ እኛ ለፋሲካ ሽንኩርት ስናቁላላ ካርቱም በተኩስ ትናወጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመተማ በኩል በመኪና፣ አቅም ያለውም በአውሮፕላን እየመጣ፣ ኪራይ ከመሀል ከተማው ሻል በሚልባቸው የዳር ሠፈሮች ብዙ ሱዳናውያን ተከራይተው መኖር ጀመሩ። ከእነርሱም ኋላ እንዲህ ያሉ በረንዳዎች ተከተሉ። ምግቡ የሚበስለው ለእኔ አልነበረም፤ የሚበሉትም የሚያማርሩትም እነርሱ ነበሩ። አንድ ቀን ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ የቀረበላቸውን ኪስራ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ ወፍሯል ብለው ሲመልሱት አይቻለሁ። ምግቡን የምትሠራው ሱዳናዊት ሴትዮ አልተከራከረቻቸውም፤ ገብታ ሌላ ጋገረች። የሆቴል ቡፌ ላይ «የአፍሪካ ምሽት» ተብሎ ከሚደረደረው፣ ለማንም እንዳይከፋ ተብሎ ለማንም ከማይጣፍጠው ምግብ ይልቅ በዚያች በረንዳ የሚቀርበው የሚበልጥብኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ አጥፍቶ ሲገኝ የሚመልሰው የራሱ ሰው አለው።

ስለ ኪስራ ትንሽ ልበል። ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር ነው፤ ሊጡ እንደ እኛው ይቦካል፤ ልዩነቱ አጋገሩ ላይ ነው። እኛ ሊጡን ከዳር ጀምረን እያዞርን እናፈስሰዋለን፣ አክንባሎ እንደፋበታለን፣ ዓይን እስኪያወጣም እንጠብቀዋለን። እነርሱ ግን የጋለው ብረት ላይ ጨለፍ አድርገው ያፈስሱና በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ በአንድ ትንፋሽ ጠርገው ያሳስቱታል። ዓይን የለውም፤ ወረቀት ያህል ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከላዩ የሚፈስሰው ወጥ ሙላህ ይባላል፤ እኔ የምወደው የደረቀ ባሚያ ተፈጭቶ የሚገባበትን ነው፤ ደቁሰው የሚጨምሩበት የደረቀ ሥጋም ከእኛ ቋንጣ ብዙ አይርቅም። ልጅ ሆኜ ባሚያ የሚያዝለገልግ ነገር እየመሰለኝ እሸሸው ነበር፤ አሁን ያ መዝለግለጉ ነው ኪስራውን ከወጡ ጋር የሚያጋባው። አሲዳም አላቸው፤ ከእኛ ገንፎ ጋር በእናት የሚገናኝ ይመስለኛል፤ ነገር ግን እኛ መሀሉን ጎድጉደን ቅቤውን እዚያ እናስቀምጣለን፣ እነርሱ አሲዳውን እንደ ጉብታ ገልብጠው ወጡን በዙሪያው ያፈስሱታል። ስለዚህ እኛ ከዳር ወደ መሀል እንበላለን፤ እነርሱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምረው ወጡ ላይ ናቸው።

እናቴ የሰው ቤት ስትሄድ ወጡን ሳይሆን እንጀራውን ነበር የምትመዝነው፤ «ወጥ በቅቤ ይሸፈናል፣ እንጀራ ግን ያጋልጣል» ትል ነበር። እኔም ይህን ሚዛን ይዤ ነው የምዞረው። ቦሌ ሚካኤል ያሉትን የሶማሌ ምግብ ቤቶች የማውቃቸው ከሱዳኖቹ ብዙ ቀድሞ ነው፤ ሠፈሩ አንድ ጊዜ የከተማዋ ዳር ነበር፣ አሁን ከተማዋ አልፋው ሄዳለች። ጠዋት ከገባችሁ ላሆህ ታገኛላችሁ። ከእንጀራ ያነሰ፣ የለሰለሰ፣ ዓይናማ ነው፤ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር፣ ቅመም ከገባበት የወተት ሻይ ጋር ይበላል። ላሆሁ ጥሩ የሆነ ቤት ምሳውም ጥሩ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ እስከ ዛሬ ይህ ሚዛን አላሳፈረኝም።

ምሳው ሩዝ ነው። መጀመሪያ ሳትጠይቁ በጎድጓዳ ሳሕን መረቅ ይመጣል፤ ሎሚ ጨምቃችሁ ትጠጡታላችሁ። ቀጥሎ ከሙን፣ ድንብላል፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና እርድ ያለበት ሐዋሽ የሚሉት ቅመም የገባበት ሩዝ፣ በላዩ የፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ ይቀርባል። ሙዙን ለማጣጣሚያ ቆጥቦ መጨረሻ ላይ የሚበላ ሐበሻ ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ፤ እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ነበርሁ። ሙዙ እየተቆረሰ ከሩዙና ከሥጋው ጋር ነው የሚጎረሰው፤ የቅመሙን ጉልበትና የባስባሱን ማቃጠል የሚያበርደው እርሱ ነው። ባስባስ ከቃሪያ የሚዘጋጅ ማባያቸው ነው፤ እዚያ ቤት ሚጥሚጣ መጠየቅ ስድብ ይሆናል። ፓስታም አላቸው፤ ባስቶ ይሉታል። ጣሊያን ደቡብ ሶማሊያን ሲገዛ ያስለመደው ነው፤ እነርሱ ግን ከጣሊያኑ ወስደው በሐዋሽ አጥምቀውታል፤ እርሱንም በሙዝ ይበሉታል።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የሚታወቅ፣ ግን በጽሑፍ ብዙም የማይነሣ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የሥጋው ነገር ነው። ታላቅ እኅቴ የሙስሊም እጅ ያረደውን አትበላም፤ ይህ ለእርስዋ የጥላቻ ሳይሆን ያደገችበት ሥርዓት ነው፤ ሙስሊም ጎረቤታችንም የክርስቲያን ሥጋ አትቀምስም፣ ሁለቱ ግን ቡና ሳይጠራሩ አይውሉም። እኔ እበላለሁ፤ እኅቴ ይህን ታውቃለች፤ ስንጨቃጨቅበት ቆይተን ትተነዋል። አብራኝ ስትመጣ ሩዝ በዓሣ ታዝዛለች። የሱዳኖቹ ቤት ደግሞ ለእርስዋ የተመቸ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ፉሉን አይብ ሳይደረግበት፣ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ የሚጠበሰውን ጣዕሚያም አስከትላ ትበላለች። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ይህን ሁሉ ጨርሳ ስታበቃ «ሱዳኖች ጾም ያውቃሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የሰሊጥ ዘይቱን ማለቷ ነው፤ በጾም የሚወደድ ዘይት በእነርሱ ቤት የዘወትር ነውና።

የምዕራብ አፍሪካ ምግብ በእኔ በኩል እምብዛም አይገኝም። አያት አካባቢ አንድ ናይጄሪያዊ ከኢትዮጵያዊት ባለቤቱ ጋር የሚሠሩት ቤት ነበር፤ በቲማቲምና በቃሪያ የሚበስለው ጆሎፍ ሩዛቸው የድስቱ ሥር እርር ያለበትን ጢስ ጢስ የሚል ጣዕም ይዞ የሚቀርብ ነበር፤ አዋቂዎቹ ያንን ነው የሚፈልጉት። ናይጄሪያና ጋና በጆሎፍ ሲሟገቱ ይኖራሉ፤ ስሙ ግን ከሴኔጋል ወገን ከወሎፎች የመጣ ነው፤ ዩኔስኮም በ2021 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የሴኔጋሎችን የሩዝና የዓሣ ምግብ ነው። ባልየው ይህን ሲሰማ ሒሳቤን በእጥፍ እንደሚያስከፍለኝ ዛተ። ቤቱ አሁን ተዘግቷል።

ከሁሉ የሚርቀኝና ከሁሉ ይልቅ የምደክምለት የጃማይካዊቱ ቤት ነው። ለቡ ነው፤ ለእኔ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው። የምትሠራው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ አስቀድማችሁ መደወል አለባችሁ። ወላጆቿ ንጉሠ ነገሥቱ ለጥቁር ሕዝቦች መኖሪያ በሰጡት መሬት ላይ ለመኖር ወደ ሻሸመኔ የመጡ ናቸው፤ እርስዋ እዚያው ተወልዳ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ማንኛችንም ትናገራለች። ትዕዛዝ የማትቀበልበት አንድ ቀን አለ፤ ሚያዝያ 13። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበት ዕለት ስለሆነ ለራስተፈሪያውያን በዓል ነው፤ ያን ቀን የምታበስለው ለራሷ ሰዎች ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ደውዬላት «ዛሬ በዓላችን ነው፣ ንጉሡ የእናንተ አይደሉም እንዴ?» ብላኝ አፍሬያለሁ።

ምግቧ የመተካት ጥበብ ነው። ጀርክ የሚባለው የጃማይካ ዶሮ በአገሩ የሚዘፈዘፈው ፒሜንቶ በሚሉት ፍሬ፣ ስኮች ቦኔት በሚባል ኃይለኛ ቃሪያና በጦስኝ ዘመድ ነው፤ የሚጠበሰውም በፒሜንቶው እንጨት ጢስ ነው። ፒሜንቶ እዚህ የለም፤ ስለዚህ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አብራ ትወቅጣለች፤ የሦስቱ ሽታ ሲደመር ወደዚያ ፍሬ ይጠጋል ትላለች። ጦስኙ ግን ከተራራችን የሚለቀመው የእኛው ጦስኝ ነው፤ እናቷም ከአገሯ ከምታውቀው ይልቅ ይህኛው እንደሚበልጥ ትመሰክር እንደ ነበር ነግራኛለች። የምትጠብሰው ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ላይ በከሰል ነው፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ሞክራው ዶሮው የጉንፋን መድኃኒት ስለሸተተባት ትታዋለች። ከጎኑ «ሩዝና አተር» ይቀርባል፤ አተር ይሉታል እንጂ ውስጡ ያለው ቀይ ቦሎቄ ነው፤ በኮኮናት ወተት ነው የሚበስለው። አልፎ አልፎ የፍየል ካሪ ትሠራለች፤ ካሪው ወደ ጃማይካ የገባው ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮንትራት ለጉልበት ሥራ ከተወሰዱ ሕንዳውያን ጋር ነው።

አኪ የቀመስሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ በቆርቆሮ ይዞላት መጥቶ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ካሪቢያን የተሻገረ ፍሬ ነው፤ በዛፉ ላይ ራሱ ካልተከፈተ በቀር መርዝ ስለሆነ አይነካም። ከጨው ዓሣ ጋር ተጠብሶ ሲቀርብ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ሲበላ ግን ልስላሴው የአቮካዶ ነው። እርስዋ ራሷ ዓሣውንም ዶሮውንም አትበላም። የምትበላው አይታል የሚሉትን የራስተፈሪያውያን ምግብ ነው፤ ሥጋ የለበትም፣ በእርስዋ ቤት ጨውም አይገባበትም። ከራሷ ድስት ጨልፋ ስታቀምሰኝ ዱባና ቆስጣ በኮኮናት ወተት ነበር፤ ያለ ጨው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማንኪያዎች ባዶ ሆኑብኝ። በአራተኛው ዱባው መጣ፤ ከዚያም ጦስኙ። እጄ ግን በልማድ ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር ይፈልግ ነበር፤ እርስዋም አይታ «እንደ ሐበሻ ሁሉ» አለችኝ።

ወደ ጎሮ ልመለስ። ለጥቂት ወራት ከሱዳኖቹ ቤት ጠፍቼ ባለፈው ሰሞን ስሄድ ነጩ ጀለቢያ ከበረንዳው ላይ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር እንደ ተሻገሩ፣ አንዳንዶቹም ሠፈር እንደ ቀየሩ ሰማሁ። ጠረጴዛዎቹን የሞሉት የእኛ ሰዎች፣ አብዛኞቹም የባጃጅ ሾፌሮችና የሕንፃ ሠራተኞች ነበሩ። ግድግዳው ላይ በአማርኛ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፏል፤ «ፉል ኖርማል»፣ «ፉል ስፔሻል» ይላል። ኖርማሉን አዘዝሁ። የመጣልኝ ቀይ ነበር፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትፎበታል፣ ዘይቱ የሱፍ ነው፣ ሚጥሚጣውም ከላይ ተነስንሷል። ስፔሻሉ በዚህ ላይ እንቁላልና እርጎ የሚጨመርበት ነው። ምግቡ መጥፎ አልነበረም፤ ከቤቴ በታች ካለው ቁርስ ቤት ግን በምንም አይለይም።

አስተናጋጇን ጠርቼ «እንደ ድሮው፣ እንደ መጀመሪያው ይሠራልኝ» አልኋት።

«ጋሼ፣ ሚጥሚጣውን ያስጀመሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ። ለካስ ሲኒው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ከርሟል፤ ቀጥሎ ከሲኒው ወደ ድስቱ ገብቷል።

ሴትየዋ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። አማርኛዋ ከመጣችበት ጊዜ ይልቅ ተሻሽሏል፤ ነገሩ ሲገባት በእጇ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ምድጃው ዳር ለራሷና ለልጆቿ ያስቀመጠችው ትንሽ ድስት ነበር። ከዚያ ጨለፈችልኝ፤ በብርጭቆ ታች ደቆሰችው፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ካለው ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት አፈሰሰችበት፤ ከሙኑንም በጣቶቿ ነሰነሰችበት። ጠረጴዛዬ ላይ አድርሳልኝ ስትመለስ የሚጥሚጣውን ሲኒ አንሥታ ይዛው ገባች።