ወቅቱ ያለው ከእግር ሥር ነው

ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁት በጥር ወር ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር የተመለስሁት። ከእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት በምዕራብ በኩል ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ማዕከል መሆኑን ሰምቼ አበባ በአበባ የሆነ ስፍራ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን አቧራማ መንገድ፣ የደረቀ ሣርና ዓመቱን ሙሉ መልኩ የማይለወጥ የሚመስል አረንጓዴ ዛፍ ነው። ስሕተቱ የእኔ እንደነበረ ለመረዳት በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ።

በአገራችን ደጋ የሚበቅሉት አብዛኞቹ ነባር ዛፎች፣ ጽዱም ወይራውም ዝግባውም፣ ቅጠላቸውን በአንድ ጊዜ አያራግፉም። በውጭ አገር ሥዕሎች እንደምናየው ጫካው በሙሉ ቀልቶ ወይም ተራቁቶ ወቅቱን አያስታውቅም። ቀና ብሎ ወቅት የሚፈልግ ሰው፣ እኔ በጥር እንዳደረግሁት፣ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ለውጡ ያለው ከጉልበት በታች፣ በሣሩና በቁጥቋጦው መካከል ነው።

ሁለተኛው ጉብኝቴ በመስከረም መጀመሪያ ሆነ። እዚህ ላይ ስለ ወቅቶች ስም አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ብዙዎቻችን የአደይ አበባን ወቅት «ጸደይ» ብለን እንጠራዋለን፤ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አቆጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለሚዘልቅ፣ እንቁጣጣሽ የሚውለው ገና በክረምቱ ውስጥ ነው። መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው። ስሕተቱ የመጣው የፈረንጆቹን የአበባ ወቅት «ጸደይ» ብለን ከተረጎምን በኋላ ይመስለኛል። ለማንኛውም በዚያን ቀን ጭጋጉ ከተራራው ገና አልተነሣም፤ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅም ብሎ ነበር፤ በጥር አቧራ ብቻ ያየሁበት ገላጣ መሬት ግን ቢጫ ለብሶ ጠበቀኝ። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው። አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል፤ የሚቀጥለውን ክረምት አፈር ውስጥ የሚጠብቀው ዘሩ ነው። የሳይንስ ስሙ ሁለተኛ ክፍል «ማክሮፕቴራ»፣ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ሲሆን፣ ክንፍ ያለው ይኸው ዘሩ ነው። በጥር የረገጥሁት ባዶ መሬት ለካ ባዶ አልነበረም።

በኅዳር እናቴን ይዤ ሄድሁ። እኔ ምልክት ላይ የተጻፈውን ስም ሳነብ እርሷ ቅጠሉን በጣቷ እያሸች ታሸታለች። የመድኃኒት ዕፅዋት ከተተከሉበት መደብ ስንደርስ ምልክቱን ሳታይ፣ «ይኼማ ዳማ ከሴ አይደለም እንዴ? ምች መትቶህ ያሸሁልህን ረሳኸው?» አለችኝ። ከጦስኙ ዘንድ ደግሞ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች፤ የገበያውን ጦስኝ ጠረን የሌለው ድርቆሽ ነው እያለች ስታማርር ኖራለችና።

የዚያን ቀን ትልቁ ነገር ግን ኮሶው ነበር። የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ነው፤ አበባው እስከ ግማሽ ሜትር በሚደርስ ዘለላ ተንጠልጥሎ ሲታይ የሴቴው ወደ ቀይ፣ የወንዴው ወደ ነጣ ያለ ብርቱካንማ ያደላል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ዐውቅ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው ግን እስከዚያ ቀን አንድን ዛፍ ሁለት ዓይነት ነው ብዬ ሳልፈው እንደኖርሁ ገባኝ። ለኮሶ ትል መድኃኒት የሚሆነው የሴቴዋ አበባ ነው። እናቴ በልጅነቷ የጠጣችውን አስታውሳ ፊቷን አጨማደደች፤ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የምንለው አባባል ለእርሷ አባባል ብቻ አይደለም። መጠኑ ከበዛ የሚጎዳ መድኃኒት ስለነበረ አዋቂ ይመጥነው እንደነበርም ነገረችኝ።

በበጋ ደግሜ ስሄድ እንደ መጀመሪያው አልከፋኝም። የቀጋው ፍሬ ቀልቷል፤ አጣጡና ቀጨሞው አቧራ ለብሰው ዝናብ ይጠብቃሉ፤ ሌሊት የወረደው ውርጭ ጠዋት በሣሩ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ነው ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ያስተዋልሁት። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። በእርሳቸው ዘመን አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ፣ መናገሻውም ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ስለነበር፣ ከተማዪቱን በስፍራዋ ያቆያት ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ እንደ አንዳንድ ተቆርቋሪዎች ልረግመው አልደፍርም። ሆኖም ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለበት ስፍራ ርጥበቱን ይመጥጣል፤ ቶሎ የማይበሰብሰው ቅጠሉና ቅርፊቱም መሬቱን ይሸፍናል። በመስከረም አደዩ እዚያ ጥላ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆሞ ነበር፤ በኅዳርም፣ በጥርም ከሥሩ ያየሁት ያንኑ ቡናማ ርጋፊ ነው። ከባሕር ዛፉ ሥር ወቅት የለም።

በሚያዝያ፣ በሊቃውንቱ ጸደይ፣ አንድ ሁለት ቀን ዘንቦ ካባራ በኋላ ሄድሁ። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የጽድና የኮሶ ችግኝ በተተከለበት ተዳፋት ላይ አንድ ሠራተኛ ገጀራ ይዘው ከአንድ ሰፊ ጉቶ ዙሪያ ያቆጠቆጠውን ግራጫ ቀንበጥ ይመለምላሉ። ከጉቶው ሁለት ክንድ ርቆ ያለው የኮሶ ችግኝ ከጉልበቴ አይበልጥም፤ በሥሩ ግን ስሙን የማላውቀው ቀጭን ሣር መብቀል ጀምሯል። ሰላምታ ሰጥቻቸው ጉቶው እስካሁን አለመሞቱ እንዳስገረመኝ ብነግራቸው፣ «ይኼን እንኳ ዘንድሮ ስመለምለው ሦስተኛዬ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ጉቶ አለፉ።