ግራ ክንፍ፣ ቀኝ ዓይን

ሰሞኑን መንፈሴ ደከም ብሏል። ዛሬ ደግሞ ታላቅ እህቴ ደወለች። እንደ ልማዷ ጤናዬን ጠይቃ ስታበቃ ወደ ሥራዬ ዞረች። "እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትለፋው?" አለችኝ። ክፋት የላትም፤ አዝናልኝ ነው። ግን ስልኩን ከዘጋን በኋላም ጥያቄው ጆሮዬ ላይ ቀረ። ሰው ግማሽ ብቻ የተሳካለትን ሙያ ይዞ እስከ መቼ ይቆያል?

እንዲህ ሲከፋኝ ሐሳቤ ወደ ዊሊ ኦሪ ይሄዳል። የበረዶ ሆኪ ፍቅሬን የምታውቁ አይደንቃችሁም።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኦሪ የተወለደው ካናዳ ውስጥ፣ ኒው ብራንስዊክ፣ ፍሬድሪክተን ከተማ ነው። ከ13 ልጆች የመጨረሻው። ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቦስተን ብሩይንስ ቡድንን ማሊያ ለብሶ ሞንትሪያል ከተማ ውስጥ ሜዳ ገባ። በኤንኤችኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ ታሪክ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። 22 ዓመቱ ነበር። ቡድኑም 3 ለ 0 አሸነፈ።

ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። እኔን ግን ሁሌ የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ዓይኑ።

እዚያ ሊግ ከመድረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና በወጣቶች ቡድን ሲጫወት፣ ፓኩ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን መታው። ፓክ በሆኪ በኳስ ፈንታ በዱላ የሚመታ ጠጣር ጎማ ነው። 170 ግራም ገደማ ይመዝናል። በረዶው ላይ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሚቀመጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያኔ ደግሞ ፊትን የሚከልል ነገር የሚያደርግ ተጫዋች አልነበረም። አፍንጫው ተሰበረ፤ የጉንጩ አጥንትም እንደዚያው። ከቀኝ ዓይኑ የማየት ኃይል 95 በመቶው ጠፋ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሆኪ እንደማይጫወት ነገረው። እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ጫማውን አጥልቆ ተመለሰ።

ሊጉ በአንድ ዓይኑ የማያይ ተጫዋች እንዳይሰለፍ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ስለዚህ ዝም አለ። ለቅርብ ሰው ካልሆነ በስተቀር ለማንም አልተናገረም። አሰልጣኞቹ አያውቁም። አብረውት አንድ መልበሻ ክፍል የሚቀመጡትም አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኦሪ የሚሰለፈው በግራ ክንፍ ነበር። ግራ ክንፍ የሜዳውን ግራ ጠርዝ ይዞ ነው የሚንሸራተተው። በግራው ያለው ሜዳውን የከበበው ግድግዳ ብቻ ነው። ጨዋታው በሙሉ በቀኙ ነው ያለው። መሃል አጥቂው በቀኙ ነው። የሚቀበለው ፓክ ከቀኙ ይመጣለታል። ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀው የሚምዘገዘገው ተከላካይም ከቀኙ ነው። ሁሉም ነገር የሚመጣው እሱ በማያይበት በኩል ነው።

ዛሬ ማታ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ክፍሌ ውስጥ ተራመድኩ። በቀኜ ያለውን ወንበር ለማየት አገጬ ትከሻዬን እስኪነካ መዞር ነበረብኝ። ስዞር ደግሞ ከፊቴ ያለውን በር አላየውም። አንዱን ለማየት ሌላውን መተው ግድ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ነው የተራመድኩት፤ ማንም ሊገጨኝ አልመጣም። እሱ ግን ይህን ያደርግ የነበረው በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ነው። ሆኪ ውስጥ ተጫዋች አንዴ ከገባ ደቂቃ ሳይሞላው ተቀይሮ ይወጣል፤ ትንፋሹን ሰብስቦ መልሶ ይገባል። እያንዳንዷን አጭር ገቢና ወጪ እንዲህ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር አስቡት። ሌላው ተጫዋች በእግሩና በእጁ ይለፋል። እሱ አንገቱም ይለፋ ነበር። ያንን ልፋት ደግሞ ማንም አልቆጠረለትም፤ መኖሩን የሚያውቅ አልነበረማ።

ቁጥሩን ካያችሁ ትንሽ ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 2 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰ። ከዚያ በ1960 እና 61 የውድድር ዘመን 43 ጨዋታ። በድምሩ 45። 4 ግብ አስቆጠረ፤ 10 ደግሞ አመቻችቶ አቀበለ። በቃ፣ የትልቁ ሊግ ሕይወቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያዋን ግቡን ያገባው በ1961 አዲስ ዓመት ዕለት ቦስተን ከተማ ውስጥ ነው፤ ያውም በሞንትሪያል ቡድን ላይ። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። በሌሎች ከተሞች ሜዳዎች ግን ስድብ ነው የሚዘንብበት። ቺካጎ ላይ አንድ ተጋጣሚ በዱላው ጫፍ መትቶ የፊት ጥርሶቹን አወለቃቸው።

በዚያው ዓመት ክረምት በሚቀጥለው የውድድር ዘመንም ቦታው እንደሚጠብቀው አምኖ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ስልክ ተደወለ። ለሞንትሪያል ተሰጥተሃል ተባለ። ሞንትሪያል ያኔ በኮከብ የተሞላ ቡድን ነበር፤ ለእሱ ቦታ አልነበረውም። ወደ ታች አወረዱት። ኤንኤችኤልን ዳግመኛ አላየውም።

እዚህ ላይ የዘመኑን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። እስከ 1967 ድረስ በዚያ ሊግ የነበሩት 6 ቡድኖች ብቻ ናቸው። በመላው ዓለም በዚያ ደረጃ ለሚጫወት ሰው የነበረው ቦታ ከመቶ ምናምን አይበልጥም። ጤነኛ ዓይን ያለው፣ ማንም የማይሰድበው ስንት ጎበዝ ልጅ ሳይገባበት ቀርቷል። ከኦሪ በኋላ ሌላ ጥቁር ተጫዋች እስኪመጣ ድረስ ደግሞ 1974 ደረሰ። ዋሽንግተን ካፒታልስ ማይክ ማርሰንን ያሰለፈው ያኔ ነው።

ኦሪ ግን አላቆመም። እኔ የምወደው የሕይወቱ ክፍል ገና እዚህ ይጀምራል። ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ብሌድስ ለሚባል ቡድን፣ ዌስተርን ሆኪ ሊግ በሚባለው ዝቅ ያለ ሊግ ውስጥ መጫወት ጀመረ። አሰልጣኙ አልፍ ፓይክ ግራ ክንፍ ላይ ሰው በዝቶበት ነበር። ኦሪን ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወረው። ዓይኑን ያወቀ ስለነበር አይደለም። ሰው ስለጎደለው ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ግድግዳው በማያየው ዓይኑ በኩል ሆነ። ጨዋታው ወደ ግራው፣ ወደ ደህናው ዓይኑ መጣ። የሚቀበለውን ፓክ ከመነሻው ጀምሮ ያየዋል። ተከላካዩ ሲመጣም ያየዋል። ግብ በግብ ሆነ። ሁለት ጊዜ የዚያ ሊግ ኮከብ ግብ አስቆጣሪ ተባለ። ቆየት ብሎ ወደ ሳን ዲዬጎ ተዛወረ። ሙሉ በሙሉ ያቆመው በ1979፣ 43 ዓመቱ ላይ ነው።

ዕድሜን ካነሳን የሆኪው ኮከብ ጎርዲ ሃውም አለ። በ1946 ጀምሮ፣ በመሃል ሁለት ዓመት አርፎ፣ እስከ 1980 ድረስ ተጫውቷል። 52 ዓመት ሞልቶት ከልጆቹ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ! እሱን አደንቀዋለሁ። ግን ሃው ሲጫወት አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ስሙ በሁሉም አፍ ላይ ነው። ኦሪ ይህን ያህል ዝና አልነበረውም። በታችኛው ሊግ ደመወዙም ያነሰ ነው። ያስቀጠለው ጨዋታው ራሱ ይመስለኛል። ይህን ሳስብ ደረቴን አንድ ነገር ሞቅ ያደርገዋል።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያገኘውን ሥራ ሁሉ ሠርቷል። ሆቴል ውስጥ ጥበቃም ነበር። ሊጉ ያስታወሰው በ1990ዎቹ ነው፤ ልጆችን ወደ ስፖርቱ እንዲያቀርብ ሥራ ሰጠው። ብዙ ዓመት ከተማ ለከተማ ዞረ። በ2018 የሆኪ የዝና አዳራሽ ገባ። ጃንዋሪ 18 ቀን 2022 ደግሞ ቦስተን 22 ቁጥር ማሊያውን ሌላ እንዳይለብሰው ለክብሩ ሰቀለለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከገባበት ዕለት ልክ 64 ዓመት ማለት ነው። ደስ ይለኛል። የዘገየ ክብርም ክብር ነው።

ግን እንቅልፌን የነሳኝ ይኼ አይደለም። ያ የክንፍ ለውጥ ነው። ቦስተን እያለ አንድ ሰው ቀኝ ክንፍ ላይ ቢያሰልፈው ኖሮስ? ራሱ እንዳይጠይቅ ደግሞ፣ ለምን ሲሉት ምን ሊመልስ ነው? እውነቱን ቢናገር ያሰናብቱታል። ዝም ካለ እዚያው ግራ ክንፍ ላይ ይቆያል። በሩን የከፈተለት ዝምታ፣ ከገባ በኋላ በከባዱ በኩል ያቆመውም እሱው ነው። ምስጢሩን ባይደብቅ 45ቱም ጨዋታዎች አይኖሩም ነበር። ስለደበቀ ደግሞ 45 ብቻ ሆኑ ይሆን? ወይስ ቀኝ ክንፍ ቢሰለፍም ያ ሊግ፣ ያ ዘመን፣ ያ ቆዳውን የሚያይ ዓይን ከዚህ በላይ አይፈቅድለትም ነበር?

የምታምኑት አንድ አሰልጣኝ ቢኖራችሁ፣ እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ትነግሩት ነበር?