ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመጣው ውሃ

ነሐሴ አጋማሹን ሲያልፍ ሂዩስተን ያለ ሐበሻ ወሬው አንድ ይሆናል። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ቡናው ቀርቧል፣ አንዱ "ይኼኔ ነበር እኮ" ይላል። ከዚያ ማን ያስቆመው!

ሃርቪ የሚባለው አውሎ ነፋስ ቴክሳስ የገባው ኦገስት 25 ቀን 2017 ዓርብ ማታ ነው። በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 2009 መሆኑ ነው። ፆም ከተፈታ ገና ሦስተኛው ቀን ስለነበር ብዙ ቤት ፍሪጅ ውስጥ የመፈሰኪያው ወጥ አላለቀም። ፍሪጁን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

ዓመት ዓመት ይህን ወሬ ስሰማ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ አውሎ ነፋስ ነው፤ የሚጀምርበት ቀን ግን አይገጥምም። አንዱ ከቅዳሜ ማታ ይጀምራል። ሌላዋ ከረቡዕ። አንድ የማውቃቸው አባት ደግሞ ከኅዳር ነው የሚጀምሩት፤ የኢንሹራንሱ ደብዳቤ የደረሳቸው ያኔ ነዋ።

መዝገቡ ላይ ያለው ግልጽ ነው። ሃርቪ ሮክፖርት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ሲያርፍ ከአምስቱ የአውሎ ነፋስ ምድቦች ምድብ 4 ነበር። ነፋሱ በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። የሮክፖርት ሰው ሃርቪ ሲባል የሚያስበው ጣሪያ ነው። እኛ ጋ ግን ነፋሱ ይህን ያህል አልነበረም። እኛ ጋ የመጣው ዝናብ ነው። አውሎ ነፋሱን ከላይ የሚገፋው አየር ስላልነበረ እዚያው ቆመ። ከሞቀው ባሕር ውሃ እየሳበ ቀን ከሌት እላያችን ላይ ደፋው። ኔደርላንድ በምትባለው ከተማ 1,539 ሚሊ ሜትር ተለካ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ድሬ በሁለት ዓመት ይህን ያህል አታገኝም። የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት ለካርታው የነበሩት ቀለሞች አልበቃ ብለውት አዲስ ወይን ጠጅ ጨመረ።

እኔ ያን ጊዜ ተረኛ ነበርኩ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ቅዳሜ ማታ ገባሁ፣ እሑድ ጠዋት የሚተካኝ ሰው ግን መምጣት አልቻለም። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረማ። ውሃው መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመ፣ ሕንጻው ውስጥ አልገባም፣ ተመስገን። መኪናዬን ግን እስከ መሪዋ ዋጣት። በመስኮት እያየኋት ቁርስ አደልኩ። ምን አደርጋለሁ?

የዚያን እሑድ አንድ ፎቶ በየስልኩ ዞረ። ዲኪንሰን ከተማ ውስጥ አረጋውያን ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው ፎቶው የውሸት ነው ብሎ ነበር። እኛ አላልንም። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ያንን ክፍል አንዴ አይቶ ያውቀዋል። ደግነቱ ፎቶው ከወጣ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ወጡ። እኔ ያየሁትን አሮጊቶቼን ላለማሳየት ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ከእነሱ አንዷ ዘጠና ዓመታቸው ነበር። እናታቸው የጋልቭስተን ልጅ ናቸው። ጋልቭስተን ከዚህ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ በ1900 በአንድ ሌሊት አውሎ ነፋስ ቢያንስ ስድስት ሺህ ሰው ያለቀባት ደሴት። ከዚያ በኋላ ከተማዋ የባሕር ግንብ ሠራች፣ መሬቱን ሳይቀር አሸዋ ሞልታ ከፍ አደረገችው። ሴትዮዋ ይህን የሚያወሩት ትናንት የሆነ ያህል ነው። "እናቴ ዝናብ ሲጥል ጫማዋን አታወልቅም ነበር" አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን እግር አዩና ሳቁ። ጫማቸውን አድርገው ነው የተኙት።

ለእኔ ጎርፍ ማለት ደቻቱ ነው፣ የድሬዳዋው ደረቅ ወንዝ። ድሬ ያደገ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ያነጥፍበታል። ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ውሃው ከተማ ውስጥ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። እኔ ያኔ እዚያው ነበርኩ። ደቻቱ ሲመጣ ይጮሃል። ድንጋይ እየፈጨ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሂዩስተን ጎርፍ ሲባል ጆሮዬ ነበር የሚጠብቀው። ምንም ድምፅ አልነበረም። የጎረቤቶቻችን ውሃ የገባው በሽንት ቤት ሲሆን ከሻወር ወለል፣ ሲሆን ደግሞ በበር ሥር ነበር። አንዷ ልጅ ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ከአልጋዋ ስትወርድ ነው እግሯ የነገራት።

ለታክሲ ሹፌሩ ጓደኛዬ ሃርቪ የሚጀምረው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ሁሉ ኩሬ ሆነበት፤ ፍሪዌይ ድልድይ ላይ ወጥቶ አደረ። ብቻውን አልነበረም። ቁልቁል ሲያይ የመኪና መብራት ውሃ ውስጥ ይበራል ይላል። ማታውን ሙሉ የአደጋ ጥሪው 911 ቢደውል መስመሩ አይገባም። ሚስቱ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ምድር ቤት አፓርታማ ውስጥ ናት። ያወጣቸው ፖሊስም ወታደርም አይደለም። ከሉዊዚያና የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን በመኪና ጎትቶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነው። "ስሙን ሳልጠይቀው" ትላለች ሚስትየው እስካሁን። ካጁን ኔቪ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፤ ባሕር ኃይል የሚለው ስም ለቀልድ ነው፣ ሥራቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ስልካቸው ላይ ዜሎ የሚባል እንደ ሬዲዮ የሚያገናኝ አፕ ከፍተው አድራሻ ይቀባበሉ ነበር። በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ጊዜ የኒው ኦርሊንስን ሰው የተቀበለችው ሂዩስተን ናት። አስትሮዶም ስታዲየም ውስጥ በሺዎች ተኝተው ነበር። ሉዊዚያናዎች ይህን አልረሱም።

ቡና ላይ ሁሌ ጠብ የሚያስነሳ ጥያቄ አለ። ከንቲባው ሲልቬስተር ተርነር ከተማውን ልቀቁ አላሉም። ትክክል ነበሩ ወይ? እኔ ትክክል ነበሩ ባይ ነኝ። በ2005 ሪታ የሚባል አውሎ ነፋስ መጣ ሲባል ሚሊዮኖች አንዴ ወጥተው መንገዱ ላይ ቀሩ። በዚያ ሽሽት ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ዳላስ አቅራቢያ አረጋውያን የጫነ አውቶቡስ ተቃጥሎ ብቻ 23 ሰው አለቀ። አውሎ ነፋሱ ሂዩስተንን በቅጡ ሳይነካት። ሃርቪ ጊዜ ያ ሁሉ መኪና ጎርፍ የገባው መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ማሰቡም ያስፈራል። የታክሲ ሹፌሩ ግን በዚህ አይስማማም። "አንቺ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነሽ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነኝ።

እትዬ የምላቸው አንዲት የድሮ ጎረቤቴ ደግሞ በዚህ ክርክር አይገቡም። የእሳቸው ሃርቪ ሌላ ነው። ቤታቸው ከተማው ምዕራብ፣ በፋሎ ባዩ ከሚባለው ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ቅዳሜ ዘነበ፣ እሑድ ዘነበ፣ ሰኞ ዘነበ። ውሃ አልገባም። ሻማ አብርተው አመሰገኑ። ቤታቸው የተጥለቀለቀ ዘመዶች መጥተው ሳሎናቸው ውስጥ ተኙ። ከወንዙ በላይ ግን አዲክስ እና ባርከር የሚባሉ ሁለት የጎርፍ ግድቦች አሉ። መሐል ከተማውን ለማዳን በ1940ዎቹ የተሠሩ ናቸው። አዘቦት ቀን ብታዩዋቸው ግድብ አይመስሉም፤ ሣር፣ ዛፍ፣ ኳስ ሜዳ ናቸው። ያን ሳምንት ሞልተው ከጀርባቸው ያሉት ሰፈሮች ውስጥ ውሃው ይወጣ ጀመር። ሰኞ ገና ሳይነጋ የጦሩ መሐንዲሶች በሮቹን ከፈቱ። ግድቡ እንዳይጎዳ ሌላ ምርጫ አልነበረንም አሉ። ውሃው ወደ ታች ወረደ።

"ረቡዕ ፀሐይ ወጣች" ይላሉ እትዬ። "ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ውሃው ደረጃ በደረጃ ሲወጣ አያለሁ። ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ። ከየት መጣ ብዬ ማንን ልጠይቅ?"

ውሃው ሳይሄድ ከሳምንት በላይ ቆየ። ሌላው ሰፈር ምንጣፉን አውጥቶ እያሰጣ እሳቸው ቤታቸውን የሚያዩት በጀልባ ነበር። ሰው ሁሉ ክስ መሠረተ። በ2019 መጨረሻ አንድ የፌዴራል ዳኛ ከግድቡ በላይ ላሉት ባለቤቶች መንግሥት ተጠያቂ ነው ብለው ፈረዱ። ከግድቡ በታች ያሉት ጉዳይ ወድቆ እንደገና ተነሣ። እትዬ ከታች ናቸው። እኔ ሕጉን አልመረምርም፤ ግን ሆን ተብሎ የተለቀቀን ውሃ እንደ ሰማይ ዝናብ ቁጠሪው ብለው ቢነግሩኝ እኔም እሺ አልልም።

አሁን ወደ ፍሪጁ። መብራት በጠፋበት ቤት፣ ቀናት ውሃ ውስጥ የቆመ ፍሪጅ አይከፈትም። ይህን ያልሰማ አንዴ ከፍቶ ይማራል። በፕላስተር ዙሪያውን ታስሮ መንገድ ዳር ይወጣል። ከጎኑ ፍራሹ፣ ሶፋው፣ ሺትሮክ የሚሉት የግድግዳ ቦርድ፣ የልጆች መጽሐፍ ይቆለላል። ሻጋታ በቀናት ውስጥ ግድግዳውን ስለሚወጣ ቦርዱ ከውሃው መስመር በላይ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ቤቶቹ የጎድን አጥንታቸው ይታይ ነበር። ከ300,000 በላይ ሕንጻ እንደተጥለቀለቀ ተቆጥሯል፤ ክምሩን አስቡት። ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች መዶሻና ጭምብል ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ ሐበሻ፣ ሜክሲኳዊ የሚል አልነበረም፤ በር የተከፈተበት ሁሉ ይገባሉ። እኛ እንጀራና ሽሮ እያዞርን ነበር። አንድ ቬትናማዊ ጎልማሳ ሽሮውን ሦስቴ አስጨምሯል።

ያን ጊዜ ትንኝ ስለበዛ የአየር ኃይል አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መድኃኒት ረጨ። ልጆች ወጥተው እጅ ያወዛውዙ ነበር።

ከዚያ የወረቀቱ ጊዜ መጣ። "ኢንሹራንስ አለኝ" ያለው ሁሉ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን እንደማይጨምር ያን ሰሞን ተማረ። የጎርፉ ለብቻው ይገዛል፤ ከተገዛም በኋላ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበል መጣ ሲባል ሮጦ መግዛት የለም። ፌማ የሚባለው የመንግሥት የአደጋ እርዳታ መሥሪያ ቤት በዚያ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትልቁ እርዳታ 33,300 ዶላር ነበር፤ ያንን ያገኘ ሰው ግን እኔ አላውቅም። ቀሪውን ደግሞ ከአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ተበደሩ ይባላል። እነዚያ ከኅዳር የሚጀምሩት አባት "ሱቅ እንኳ የለኝ፣ ምን ንግድ አለኝ?" ብለው ቅጹን ሳይሞሉ መለሱት። ቅጹ ለባለቤትም ለተከራይም እንደሆነ ያስረዳቸው አልነበረም። ስንት ሰው እንዲህ ሆኖ እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቅ።

የመስከረም አንድ ዋዜማ ኧርማ የሚባል ሌላ አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳ ገባ። ካሜራው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ አውሎ ነፋስ ማሪያ ፖርቶ ሪኮን አጠፋቻት። እኛ ክምሩ መሐል አበባ ይዘን "እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ" ተባባልን። እትዬ ዘንድሮ ቄጠማ አልጎዘጉዝም አሉ። "ወለል ሳይኖረኝ?" ብለው ሳቁ። የኔ ትዝታ ይህ ሳቅ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ይላል።

አሁን እዚህ ከተማ ያለው ሰው ግማሹ ከሃርቪ በኋላ የመጣ ይመስለኛል። ከ2019 ጀምሮ የቴክሳስ ሕግ ቤት ሻጭ ቤቱ ተጥለቅልቆ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ግድቡ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ውስጥ ከሆነም ጭምር። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሚፈርመው ወረቀት ብዛት መሐል ማን ያነበዋል?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከዳላስ ደወለልኝ። ከሂዩስተን ምዕራብ፣ ኬቲ አካባቢ ቤት አግኝቷል። አራት መኝታ፣ አዲስ ወለል፣ አዲስ ግድግዳ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ።

"እትአበባ፣ ዕድሌ ነው" አለኝ።

"ከግድቡ በየት በኩል ነው?"

"የምን ግድብ?"

የእትዬን ስልክ ቁጥር ላክሁለት። ከመፈረምህ በፊት ደውልላቸው፣ ቡና አፍልተው ይነግሩሃል፣ ግን ሰፊ ጊዜ ይዘህ ሂድ አልኩት። አዲሱ ወለል ለምን አዲስ እንደሆነም ሻጩን ጠይቀው ብዬ ጨመርኩ። እስካሁን አልፈረመም።