ኬላ እየሸሸን እስከ ሮም

የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሮም ውስጥ ሊያገባ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025፣ ቅዳሜ። እኛ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ። የአውሮፕላኑን ቲኬት በአምስት ሳባዛው ላብ አሰመጠኝ። «በመኪና እንሂድ» አልኩ። ከምንኖርበት ፍራንክፈርት እስከ ሮም በትልቁ መንገድ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ባለቤቴ ነዳጁን እንጂ የመንገዱን ክፍያ አላሰበችውም። እኔ ግን ሦስት ማታ ካርታና ካልኩሌተር ይዤ አመሸሁ። ጀርመን ለቤት መኪና አታስከፍልም፤ እስከ ድንበሯ ድረስ ሰላም ነው። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ስዊዘርላንድ የምትሸጠው የአውራ ጎዳና ፈቃድ የዓመት ብቻ ነው፣ 40 ፍራንክ። ደርሶ መልስ ለሚያልፍ ሰው የዓመት! የጎትሃርድ ዋሻ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሌላ ክፍያ አለመጠየቁ ደግ ነው፤ በሐምሌ በሩ ላይ የሚሰለፈውን መኪና ግን ማን ይችለዋል? ኦስትሪያ በዚያ ዓመት የአንድ ቀን በ9.30፣ የ10 ቀን በ12.40 ዩሮ ትሸጥ ነበር። ያም ሆኖ የብሬነርን ተራራ አሻግሮ ጣሊያን የሚያገባው አውራ ጎዳና ለብቻው 12 ዩሮ ይጠይቅ ነበር። ጣሊያን ደግሞ በኪሎ ሜትር ነው የምታስከፍለው። ስትገባ ካርድ ትወስዳለህ፣ ስትወጣ ትከፍላለህ፤ በኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 8 ሳንቲም ብለህ ብታስበው ብዙም አትስትም። ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጎግል ማፕ ላይ የሚከፈልባቸውን መንገዶች ተው የምትለዋን ቁልፍ ነካሁ። ጉዞው ላይ ስድስት ሰዓት ጨመረልኝ። ማሽን ምን ያውቃል፣ ተው ካልከው ሁሉንም ነው የሚተወው። ስለዚህ መንገዱን ቆራርጬ በየቁራጩ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ እዚህ ብከፍል አንዷ ሰዓት በስንት ትመጣልኛለች? ከ10 ዩሮ በታች ከሆነች እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነች እማዬ መስኮት ታያለች።

ብሬነር በዚህ ፈተና ወደቀ። 9.30 እና 12፣ 21.30። የሚያተርፍልኝ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። ያውም በደህና ቀን ነው፤ በዚያ ዓመት መንገዱ ላይ ያለው የሉግ ድልድይ እድሳት ላይ ስለሆነ በአብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል በፈርን ኮረብታ፣ በኢምስትና በላንዴክ አድርገን በሬሸን ተራራ ልንሻገር ወሰንን። አውራ ጎዳናውን ካልነኩ በስተቀር በዚያ በኩል ፈቃድ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተነሳን። ስንቃችን ቋንጣ ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ሻይ። እማዬ ፊት ወንበር። በቩርዝቡርግና በኡልም አድርገን፣ ጀርመንን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ የሚሰነጥቀው አውራ ጎዳና ኤ7 እስኪያልቅ ነዳን። ፉሰን ላይ ዋሻ አለ፤ ከዋሻው ሲወጡ ኦስትሪያ ነው። እማዬ ዙሪያዋን አይታ «ኬላው የታለ?» አለች።

«የለም እማዬ።»

«ታዲያ ሦስት ሌሊት ምን ስትቆጥር ነበር?»

ለእሷ የሚከፈልበት መንገድ የአዳማው ነው፤ በር አለው፣ ሰው አለው፣ ብር ይሰጡታል። በካሜራ ታርጋ ስለሚያነብ አገር ማስረዳት ከባድ ነው።

ላንዴክ ሳንደርስ ናፍጣ ሞላሁ። ኦስትሪያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርመንም ከጣሊያንም ይረክሳል፣ ጣሊያን ባዶ ታንክ ይዞ መግባት ሞኝነት ነው። ላንዴክ ላይ አውራ ጎዳናው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። እኛ ፈቃድ ስለሌለን ከተማዋን አቋርጠን፣ ከአንድ ትራክተር ኋላ ሃያ ደቂቃ እየተንፏቀቅን ወጣን። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝምታዋን አውቀዋለሁ።

ተራራው ጫፍ ላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ጥቂት ቁልቁል ሲወርዱ የሬሸን ሐይቅ ይመጣል። ከውኃው መሃል የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ብቻውን ቆሟል። ሌላ ምንም የለም፤ ግንቡ፣ መስኮቶቹ፣ ሹል ጣሪያው፣ በዙሪያው አረንጓዴ ውኃ። በ1950 ለኤሌክትሪክ ግድብ ሲባል ግራውን የምትባል መንደር በውኃ ተውጣ ነው የቀረችው። ቤቶቹን አፈራረሷቸው፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመኑን ደወል ቤት ተዉት።

መኪናውን አቆምኩ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች፣ ዳር ቆመች፣ አማተበች። ልጆቹ ድንጋይ ሊወረውሩ ሲሉ «ተዉ! ቤተ ክርስቲያን ነው» ብላ ገሠጸቻቸው። ቆየት ብላ «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አለችኝ። ከፊሉ ከፍ ብሎ አዲስ መንደር እንደሠራ፣ ሌላው አገር ጥሎ እንደሄደ ነገርኳት። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላም አንገቷን አዙራ ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለትና የፖም እርሻ ነው፣ እስከ ቦልዛኖ። እማዬ «የጨንቻው ፖም ይሻላል» አለች፣ አንድም ሳትቀምስ። እዚያው አደርን።

በማግስቱ ስሕተቴን ሠራሁ። ከቦልዛኖ እስከ ቬሮና አውራ ጎዳናውና አሮጌው መንገድ ጎን ለጎን አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው የሚወርዱት። 11 ዩሮ ገደማ ለማትረፍ በአሮጌው ሄድኩ። አደባባይ፣ መንደር፣ በሰዓት 50፣ አደባባይ፣ ብርቱካናማ የካሜራ ሳጥን፣ መንደር። በግራ በኩል ሰው ሁሉ እየበረረ ያልፋል። ትልቁ ልጄ አደባባዮቹን መቁጠር ጀምሮ 40 ላይ ሰለቸው። የ10 ዩሮ ሕጌ እዚህ ላይ ድንበር ላይ ነበረች፤ እኔ ወደ ስስቱ አዘነበልኩ። አትድገሙት።

ከቬሮና እስከ ቼዜና ግን ከፈልኩ። በነጻው ብሄድ ሦስት ሰዓት ይጨምርብኝ ነበር፤ 15 ዩሮ ከምናምን ሲካፈል ሰዓቷ በአምስት ዩሮ መጣች። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ጣሊያን ውስጥ ነጩ ምልክት ለጥሬ ብር፣ ሰማያዊው ለካርድ ነው፤ ቢጫው ቴሌፓስ የሚባለውን መሣሪያ መስታወታቸው ላይ ለገጠሙ ብቻ። ይህን ለባለቤቴ እያስረዳሁ ቢጫው ውስጥ ገባሁ። እንጨቱ አልነሳ አለ። ኋላዬ አንድ ቫን ጡሩንባውን ለቀቀው። የእርዳታ ቁልፏን ስጫን አንዲት ሴት በጣሊያንኛ አወራች፣ እኔ በእንግሊዝኛ ለመንኩ፣ በመጨረሻ ማሽኑ ረጅም ወረቀት ተፋልኝና እንጨቱ ተነሳ። ወረቀቱ በ15 ቀን ውስጥ ክፈል ይላል፤ በኢንተርኔት ይከፈላል፣ ቅጣት የለውም። እማዬ በመጨረሻ የምታውቀውን ኬላ በማየቷ ደስ ብሏታል።

ከቼዜና የያዝነው ኢ45 ነው። ለኔ የጉዞው ግኝት እሱ ነው። የአፔኒን ተራሮችን አቋርጦ በፔሩጃ አድርጎ እስከ ኦርቴ ይወርዳል፤ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየአቅጣጫው ሁለት መስመር፣ ያለ አንድ ሳንቲም። አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ የሞጆን የድሮ መንገድ ያስታውሳል፣ የመንገድ ሥራውም አያልቅም። ሮምን የሚያቋርጠው የቴቬሬ ወንዝ ከዚያ አጠገብ ከፉማዮሎ ተራራ ነው የሚነሳው፤ መንገዱ ብዙውን ርቀት ከወንዙ ጋር አብሮ ይወርዳል። በፍሎረንስ በኩል ብከፍል የማተርፈው አንድ ሰዓት አይሞላም ነበር። ከኦርቴ እስከ ሮም ጥቂት ዩሮ ከፈልኩና ምሽት ላይ ገባን።

መኪናዋን ከከተማው ዳር፣ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አቁሜ እስክንመለስ አልነካኋትም። መሃል ከተማው በካሜራ የሚጠበቅ ክልል አለው፤ ያለ ፈቃድ ከገባህ ፎቶህን ያነሳሃል። ደብዳቤው ውጭ አገር ለሚኖር ሰው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊመጣ ይችላል። ባለቤቴ «በአንድ ፎቶ ያተረፍከው ሁሉ ገደል ይገባል» ያለችው እውነቷን ነው።

ለመመለሻው ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ከሠርግ በኋላ ሰው ይደክመዋል፣ ስለዚህ በብሬነር ልንከፍልና ቶሎ ልንገባ። ቀኑ ስላልተቆረጠ የኦስትሪያን የ10 ቀን ፈቃድ ቀድሜ በኢንተርኔት ገዝቻለሁ፣ 12.40። ማክሰኞ ጠዋት ዕቃ ስንጭን ለእማዬ ነገርኳት።

«እና ደወሏ ጋ አናልፍም?» አለች።

ባለቤቴ አየችኝ። ልጆቹ አዩኝ።

በሬሸን ተመለስን። ሐይቁ ዳር ሻይ ጠጣን፣ የተረፈውን ዳቦ ቆሎ በላን። ላንዴክ ስንደርስ ግን ፈቃዷ በከንቱ እንዳትቀር ብዬ ሆን ብዬ ዋሻው ውስጥ ገባሁ። 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እማዬ ተኝታ ነበር።